ረቂቅ ሰምታችሁ ኪራይ መክፈል አታቁሙ

በዋሽንግተን ዲሲ ረቂቅ ሕጎች ላይ ስለሚካሄደው የዘር ፍትሐዊነት ግምገማ (ረቂቁ የትኛውን ዘር እንደሚጠቅምና እንደሚጎዳ የሚያይ ጥናት) በሬዲዮ ዝግጅታችን በስልክ ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች የሕግ ባለሙያችን የሰጡት መልስ ነው። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ግምገማውን የሚሠራው ማን ነው?

መልስ፦ በ2020 በወጣ ሕግ የተቋቋመው፣ የከተማው ምክር ቤት የዘር ፍትሐዊነት ጽሕፈት ቤት።

ጥያቄ፦ ረቂቁ ስለ ዘር የማያነሳ ከሆነ ምኑ ይገመገማል?

መልስ፦ የ1945ቱ የዲሲ መልሶ ማልማት ሕግ የወጣው የተጎሳቆሉ ሰፈሮችን ለማደስ ተብሎ ነበር። በ1950ዎቹ ደቡብ ምዕራብ ዲሲ ሲፈርስ ግን ከ20 ሺህ በላይ ሰው ተነሣ፤ አብዛኛው ጥቁር ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1954 ማፍረሱን አጸደቀ። ስለዚህ ገምጋሚዎቹ የሚያዩት ጥቅሙ ማን ኪስ እንደሚገባና ሸክሙ ማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ነው፦ ቤቱ የማን ነው? ደመወዙ የማን ነው? የሚለቀውስ ማን ነው?

ጥያቄ፦ ግምገማው «ይጎዳል» ካለ ረቂቁ ይወድቃል?

መልስ፦ አይወድቅም። ድምፅ የሚሰጡት 13ቱ የምክር ቤት አባላት ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ረቂቅ ለጥቁር ተከራዮች እንደሚጠቅም ግምገማው መስክሯል ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ኪራይ አልከፈልኩም። ልክ ነኝ?

መልስ፦ እናቴ፣ ስልኩን ይዝጉና ኪራይዎን ይክፈሉ! ስንት ጊዜ ልናገር? ረቂቅ ሕግ አይደለም። በኮሚቴ ያልፋል፣ ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ከንቲባው ዘንድ ይሄዳል፣ ከዚያም ኮንግረስ አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ላይ በሆነባቸው 30 የሥራ ቀናት ይመለከተዋል። ይህን ሁሉ አልፎ እንኳን በጀት ስላልተመደበለት ሥራ ላይ ሳይውል የሚቀመጥ ሕግ አለ። እርስዎ ዳኛ ፊት የግምገማውን ወረቀት ይዘው ቢቆሙ ዳኛው የሚያዩት ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን ሕግና ያልተከፈለውን ወር ነው። «ጎረቤቴም አልከፈለም» የሚሉም አሉ፤ ጎረቤትዎ ሲባረር ሻንጣውን ያግዙታል እንጂ ምን ያደርጉለታል? ጭማሪው ሕገ ወጥ ከመሰለዎት የተከራዮች ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ነፃ ምክር ይሰጣል። በ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት በአማርኛ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አለዎት። ክርክርዎን በአቤቱታ ያድርጉት፣ ደረሰኝ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ቅጽ ላይ ዘር የሚለውን ባዶ ብተወውስ?

መልስ፦ ከዚያ «ማንም አያየንም» ብለህ እንዳታማርር። የ2020 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ «ጥቁር» ከሚለው ሥር መነሻን መጻፊያ ቦታ ነበረው፤ ከምሳሌዎቹም አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነበር። ካልጻፍክ ገምጋሚው ትናንት የመጣውን የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛና ለአራት ትውልድ ዲሲ የኖረውን ቤተሰብ በአንድ ዓምድ ይደምራቸዋል። የአንዱ ችግር ቋንቋና የብድር ታሪክ አለመኖር ነው፤ የሌላው ሌላ ነው። አንድ መስመር መጻፍ ምን ያደክማል?

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ስለ ረቂቁ ምክር ቤቱ ፊት መመስከር እችላለሁ?

መልስ፦ በጽሑፍ ላኪ፣ እህቴ። ስለ ፍትሕ አትስበኪ፤ አምና ስንት ትከፍዪ እንደነበር፣ ዘንድሮ ስንት እንደምትከፍዪ ጻፊ።

ጥያቄ፦ ሕንፃችን ሊሸጥ ነው። አከራዬ «ሕጉ ሊቀየር ስለሆነ ገንዘብ ተቀብለህ ፈርም» አለኝ።

መልስ፦ አትፈርም። እንደገና ረቂቅ! ከ1980 ጀምሮ ተከራዮች ቤቱን የመግዛት ቅድሚያ የሚያገኙበት ሕግ አለ፤ ብዙ ጊዜ ተሻሽሏል፣ በ2018ም አብዛኞቹ ነጠላ ቤቶች ከሕጉ ውጭ ሆነዋል። የአንተ ሕንፃ ይካተት አይካተት በሬዲዮ አልነግርህም። ወረቀቱን ይዘህ ዛሬውኑ ጠበቃ ዘንድ ሂድ።