ጆን ሉዊስ፦ ከሰልፍ ወደ ሕግ አውጪነት

ክቡራትና ክቡራን፣ በአትላንታና በአካባቢዋ የምትኖሩ ወገኖቼ፤

ይህችን ከተማ ከ1987 ጀምሮ በሐምሌ 2020 እስካረፉበት ቀን ድረስ በዋሽንግተን የወከሏት አቶ ጆን ሉዊስ ስማቸው ሲነሣ ሁላችንም የምናስታውሰው የሴልማን ድልድይ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። እኔ ግን ዛሬ ይበልጥ ማውራት የምፈልገው ካሜራ ስላልተከተላቸው ዓመታት ነው፤ ታጋዩን ሕግ አውጪ ያደረጓቸው እነዚያ ናቸው ብዬ አምናለሁና።

ሉዊስ የተወለዱት በ1940፣ በአላባማ ግዛት፣ በትሮይ ከተማ አቅራቢያ፣ መሬቱ የሌላ፣ ድካሙ የራሳቸው ከሆነ አራሾች ነው። ጢሰኛነት ምን እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በልጅነታቸው የቤቱን ዶሮዎች የመጠበቅ ኃላፊነት ስለተሰጣቸው ዶሮዎቹን ሰብስበው ይሰብኩላቸው ነበር፤ ካደጉ በኋላም፣ ከአንዳንድ የኮንግረስ ባልደረቦቻቸው ይልቅ ዶሮዎቹ በጥሞና ያዳምጧቸው እንደነበር እየቀለዱ ይናገሩ ነበር። ለሃይማኖት ትምህርት ወደ ናሽቪል ሲሄዱ፣ ቄስ ጄምስ ላውሰን ለተማሪዎች ይሰጡት በነበረው የሰላማዊ ትግል ሥልጠና ላይ፣ እየተሰደቡና እየተገፈተሩ እጅ ሳያነሡ መቀመጥን ተለማመዱ። በ1960 በምግብ ቤቶች ለነጮች ብቻ በተከለሉ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ በዓመቱ ደግሞ የዘር መለያየትን ለመቃወም ጥቁሮችና ነጮች አብረው በተጓዙበት የአውቶብስ ጉዞ፣ በአላባማዋ ሞንትጎመሪ ላይ ራሳቸውን እስኪስቱ ተደበደቡ።

የፖለቲካ ትምህርታቸው የተጀመረው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ነሐሴ 28 ቀን 1963፣ በታላቁ የዋሽንግተን ሰልፍ ዕለት፣ በሊንከን ሐውልት ጀርባ ነው። የ23 ዓመት ወጣትና በሰላማዊ መንገድ የሚታገሉ ተማሪዎች ያቋቋሙት አስተባባሪ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሳሉ ያዘጋጁት ንግግር፣ የኬኔዲ መንግሥት ያቀረበውን የዜጎች መብት ሕግ ረቂቅ ኮሚቴው በሙሉ ልብ እንደማይደግፍ የሚገልጽ ነበር፤ በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ደቡብን አቃጥሎ ያለፈውን ጄኔራል ሸርማንንም ይጠቅስ ነበር። የዋሽንግተኑ ሊቀ ጳጳስ ኦቦይል ቃሉ ካልለዘበ እንደማይገኙ አስታወቁ። ወጣቶቹ እምቢ ቢሉም፣ ይህን ቀን ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩት አዛውንቱ የሠራተኞች መሪ ፊሊፕ ራንዶልፍ ሲለምኗቸው እሺ አሉ። ሕዝቡ ተሰብስቦ እየጠበቀ አረፍተ ነገሮቹ ተስተካከሉ፤ ሸርማን ወጣ፣ ረቂቁም «ከብዙ ቅሬታ ጋር» የሚደገፍ ሆነ። ይህን ሽንፈት የሚሉት አሉ። እኔ ግን፣ ኅብረትን ለማቆየት ከቃል ላይ ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻልና የቱ ጋ መቆም እንደሚገባ የተማሩበት ቀን ነው እላለሁ፤ በተቀነሰውም ንግግር ቢሆን ከዕለቱ ተናጋሪዎች ሁሉ ቃላቸው የበረታው የእሳቸው ነበር።

መጋቢት 7 ቀን 1965 በአላባማዋ ሴልማ የመምረጥ መብት የሚጠይቁ 600 ያህል ሰልፈኞችን እየመሩ ድልድዩን ሲሻገሩ የግዛቱ ፖሊሶች የራስ ቅላቸውን ሰነጠቁት፤ በአምስተኛው ወር የመራጮች መብት ሕግ ተፈረመ።

በቀጣዩ ዓመት የኮሚቴውን ሊቀ መንበርነት በስቶክሊ ካርማይክል ተነጠቁ። ብዙ ታጋይ እንዲህ ሲገፋ ያኮርፋል። ሉዊስ ግን ከ1970 እስከ 1977 መቀመጫውን እዚሁ አትላንታ ያደረገውን የመራጮች ትምህርት ፕሮጀክት እየመሩ በደቡብ ገጠሮች ሕዝብ ያስመዘግቡ ነበር። ጥጥ ሲለቅሙ የኖሩ እጆች አሁን ባለሥልጣን መምረጥ እንደሚችሉ የሚናገረው ፖስተር የዚህ ፕሮጀክት ነው። ሕጉ በወረቀት ላይ ነበር፤ ሰውን ከነፍርሃቱ ወደ መዝጋቢው ቢሮ ማድረስ ግን ሌላ ሥራ ነበር፣ ያውም ጭብጨባ የሌለው።

በ1977 ለኮንግረስ ተወዳድረው ተሸነፉ፤ በ1981 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ1986 እንደገና ለኮንግረስ ሲወዳደሩ የገጠሟቸው የትግል ጓዳቸውን ጁልያን ቦንድን ነው። በመጀመሪያው ዙር ቦንድ ቢመሩም በመለያው ሉዊስ አሸነፉ። በዚያ ውድድር ቦንድን የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ እንዲያደርጉ መገዳደራቸው የቆየ ወዳጅነታቸውን ክፉኛ ጎዳው፤ ሉዊስን ባከብራቸውም ይህን አላሞግስላቸውም።

በተወካዮች ምክር ቤትም የምዝገባው ዘመን ትዕግሥት አልተለያቸውም። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ሙዚየም በዋሽንግተን እንዲቆም የሚጠይቀውን ረቂቅ ከ1988 ጀምረው ደጋግመው አቀረቡ፤ ሕጉ የተፈረመው በ2003፣ ሙዚየሙ የተከፈተው በ2016 ነው። ወንበር ቢያገኙም እስር ቤቱን አልተሰናበቱትም፤ ስለ ዳርፉር በሱዳን ኤምባሲ ፊት ተቃውመው ታስረዋል። በ2016 ደግሞ በጦር መሣሪያ ቁጥጥር ጉዳይ ድምፅ እንዲሰጥ ለመጠየቅ ባልደረቦቻቸውን አስከትለው በምክር ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጡ።

በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1965ቱን የመራጮች መብት ሕግ ዋነኛ ክፍል፣ ማለትም የምርጫ ደንባቸውን ለመለወጥ የፌዴራል ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ግዛቶች የትኞቹ እንደሆኑ የሚወስነውን፣ ሻረው። በታኅሣሥ 2019 የተወካዮች ምክር ቤት ያን ክፍል የሚመልሰውን ረቂቅ ሲያጸድቅ መዶሻውን የመቱት ሉዊስ ነበሩ። ሴኔቱ አልተቀበለውም፤ ካረፉ በኋላ በስማቸው ተሰይሞ በ2021 እንደገና ሲቀርብም እዚያው ቀረ።

አሁን መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ። ዜግነት አግኝታችሁ ገና በመራጭነት ያልተመዘገባችሁ፣ ቅጹ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። አመሰግናለሁ።