ሲኒየር ላይ ዲ መጣ፤ ኮሌጁ ይሰርዘኛል?

ሰላም፣ ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። እዚህ አሜሪካ ማርች ላይ ሲኒየሩ፣ ማለትም የ12ኛ ክፍል ልጁ፣ ኮሌጅ ገባ ተብሎ እልል ተባለ፣ የቦታ መያዣ ዲፖዚት ተከፈለ፣ የኮሌጁ ስም ያለበት ሹራብ ተገዛ። ሜይ ላይ ካልኩለስ ዲ ሆኖ መጣ። አሁን ቤት ውስጥ እንቅልፍ የለም።

መጀመሪያ ይቺን ያዙልኝ። የመቀበያ ደብዳቤው ቀለበት ነው፣ ሰርግ አይደለም። ልድገመው፦ ቀለበት ነው፣ ሰርግ አይደለም። እስቲ አስቡት። ሽማግሌ ተልኮ፣ የልጅቷ ቤተሰብ «ሰጥተናል» ብሎ፣ ቀለበት ታስሯል። ድንኳኑ የሚጣለው ግን ከወራት በኋላ ነው። በዚህ መሀል እጮኛው አንድ ቀን ቀጠሮ ቢያሳልፍ ይፈርሳል? ኧረ አይፈርስም! አማት ትንሽ ታኮርፋለች፣ በቃ። ሲ ማምጣት እንደዚያ ነው፣ ኩርፊያ ብቻ። ሥራውን ጥሎ ሰክሮ ሲዞር ቢታይስ? ዲ እና ኤፍ እንደዚህ ናቸው። ያኔ አባትየው ሽማግሌዎቹን ያስጠራል፦ «ይሄ ልጅ ምን ነካው?» ልጁ ግን ወሬው ሳይቀድመው ራሱ ሄዶ «አባባ፣ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ ነበር» ቢልስ? ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ኮሌጅም እንደዚሁ ነው።

አሠራሩን ቶሎ ልንገራችሁ። ትምህርት ሲያልቅ ካውንስለሩ፣ ማለትም የትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ የመጨረሻውን ትራንስክሪፕት (የውጤት ዝርዝር) ይልካል፣ ኮሌጁ ከበፊቱ ጋር ያስተያያል። ዩሲ የሚባሉት የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች በግልጽ ጽፈውታል፦ የሲኒየር ዓመት ጂፒኤ (አማካይ ውጤት) ከ3.0 እንዳይወርድ፣ ዲ ወይም ኤፍ እንዳይኖር። ሌሎች ብዙ ኮሌጆች ቁጥር አይጽፉም፤ «በያዝከው ደረጃ ጨርስ» ብቻ ይላሉ። ስለዚህ የራሳችሁን ደብዳቤ አንብቡ፣ የጎረቤት ልጅ የደረሰውን ሳይሆን።

አሁን ደጋግማችሁ ወደምትነግሩኝ ነገር ልምጣ። «ካልነገርናቸው አያውቁም።» ወገኖቼ፣ ያውቃሉ! ዲዋ ትራንስክሪፕቱ ላይ ተጽፋ ትደርሳቸዋለች። ይሄ ሐሳብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። አገር ቤት ማትሪክ አልፈን ከተመደብን በኋላ የ12ኛ ክፍል የክፍል ውጤታችንን ማን ጠየቀን? ማንም። እዚህ ግን ይጠየቃል። ዩሲ እንዲያውም ዲ ወይም ኤፍ ከመጣ ተማሪው ራሱ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ዝም ብላችሁ ጁላይ ላይ ቢደርሱበት ዲዋን የምትደግሙበት ሰመር ስኩል (የክረምት ትምህርት) አልፏል፣ በምርጫው ቀነ ገደብ ሜይ 1 «አልመጣም» ያላችኋቸው ኮሌጆችም ቦታቸውን ሞልተዋል። ዲዋን ማስተካከል ይቻል ነበር፤ የጠፋውን ጊዜ ግን ማንም አይመልስላችሁም።

ወረቀቱንም አትናቁ። በ2017 (በፈረንጆች) ሰመር ከዩሲዎቹ አንዱ የሆነው ዩሲ ኧርቫይን ተቀብሏቸው የነበሩ 499 ተማሪዎችን ሰረዘ። ከግማሽ የሚበልጡት የተሰረዙት በግሬድ አልነበረም፤ ትራንስክሪፕታቸው እንደሚገባው ስላልደረሰ ነበር። ጩኸቱ ሲበረታ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ቻንስለሩ ይቅርታ ጠይቀው በወረቀት ምክንያት የወጡትን መለሱ። ልጆቹ ግን እነዚያን ቀናት እንዴት እንዳሳለፏቸው አስቡ። በጣም ያሳዝናል።

እና ምን ይደረግ? መጀመሪያ ካውንስለሩ ጋ ሂዱ። ከዚያ ልጁ ራሱ ለኮሌጁ አድሚሽን (የተማሪ ቅበላ) ቢሮ ኢሜይል ይጻፍ። እናቶች፣ አባቶች፣ እባካችሁ አትጻፉለት! አጭር ይሁን፦ «ስሜ እገሌ ነው፣ የማመልከቻ ቁጥሬ ይሄ ነው። በሁለተኛው ሴሚስተር ካልኩለስ ዲ አግኝቻለሁ። ምክንያቱ ይሄ ነው። ሰመር ላይ ልድገመው ወይስ ሌላ የምትፈልጉት ነገር አለ?» ምክንያቱ እውነት ይሁን፤ ሕመም ከነበረ ሕመም፣ ማታ ማታ ሥራ ከነበረ ሥራ። ስንፍና ከሆነም በአንድ መስመር ይመነውና ወደሚያስተካክልበት መንገድ ይለፍ። መልሱ በኢሜይል ሲመጣ አስቀምጡት፣ አታጥፉት።

ስኮላርሺፕ ያላችሁ ደግሞ የእሱን ደብዳቤ ለብቻ አንብቡ፤ ከመግቢያው የበለጠ ጂፒኤ ሊጠይቅ ይችላል። እሱን በሚቀጥለው ቪዲዮ እዘረዝረዋለሁ፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ሲኒየር ልጅ ላለው ሰውም ላኩለት።