አካል ጉዳቴን ለዩኒቨርሲቲው ብናገር ቪዛዬ ይሰረዛል?

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ ውጭ አገር ስትማሩ አካል ጉዳታችሁን ለዩኒቨርሲቲው ስለ መናገር እናወራለን። አካል ጉዳት ስል ዊልቸር ብቻ እንዳይመጣባችሁ። ዲስሌክሲያም (ማንበብና መጻፍ የሚያስቸግር ሁኔታ ነው)፣ የሚጥል በሽታም፣ ከባድ ድብርትም ሊካተት ይችላል።

እስቲ የ400 ሜትር ሩጫን አስቡ። ታውቁኛላችሁ፣ ሩጫ ሳልጠቅስ ቪዲዮ አይሞላልኝም። ስምንተኛው መስመር ላይ ያለችው ሯጭ አንደኛው መስመር ላይ ካለችው ከ50 ሜትር በላይ ቀድማ ትቆማለች። ሃምሳ ሜትር! ነገሩን የማያውቅ ሰው «ኧረ ይሄማ ማጭበርበር ነው» ይላል። ግን የውጪው መስመር ዙሩ ሰፊ ነው፤ እኩል ቢነሱ እሷ ብዙ ልትሮጥ ነው። ቀድማ የቆመችው ልክ እንደ ሌሎቹ 400 ሜትር እንድትሮጥ ነው። ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ፈተና ላይ የሚጨመር ሰዓትም ይኸው ነው። ጥያቄው አይቀልም፣ ማርክ አይታደልም። ደግሞ ልብ በሉ፣ መነሻው የሚለካው ሽጉጡ ሳይተኮስ ነው። ሩጫው ካለቀ በኋላ «እኔ እኮ ስምንተኛው ላይ ነበርኩ» ብትል ማን ይሰማታል? እናንተም ፈተና ከወደቃችሁ በኋላ ብትናገሩ፣ ያለፈው ውጤት አብዛኛውን ጊዜ አይነካም።

አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበለው፦ ቅበላ ስታገኙ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ቢሮ ትጽፋላችሁ፣ የሐኪም ማስረጃ አስተርጉማችሁ ታስገባላችሁ፣ ትነጋገራላችሁ፣ ለመምህራን ደብዳቤ ይወጣል። የሐኪሙ ወረቀት «ዲስሌክሲያ አለባት» ብቻ ካለ አይረባም፤ ስታነብ ምን እንደሚያስቸግራት ይጻፍ። ለመምህሩ የሚሄደው ግን «ተጨማሪ ሰዓት ይሰጣት» ነው፤ የሕመሙ ስም አብዛኛውን ጊዜ አይጠቀስም። አለቀ።

አሁን ወደ እናንተ ጥያቄ። «ከተናገርኩ ኤምባሲው ይሰማል፣ ቪዛዬ ይሰረዛል» የምትሉ ብዙ ናችሁ። ወገን፣ ድጋፍ ቢሮ ኢሚግሬሽን አይደለም! የአሜሪካው የ1990 የአካል ጉዳተኞች ሕግም ሆነ የእንግሊዝ የ2010 የእኩልነት ሕግ የውጭ ተማሪንም ይጠብቃሉ። እርግጥ አንዳንድ አገሮች ለቪዛው ራሱ የጤና ምርመራ ይጠይቃሉ። እሱ ለብቻው ነው፤ እዚያ ላይ መዋሸት ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል።

እንዲያውም የሚያስፈራው ዝምታው ነው። አሜሪካ በኤፍ ዋን (በተማሪ) ቪዛ ያለ ተማሪ ታሞ፣ ለማንም ሳይናገር ኮርስ ቢጥልና ከሙሉ ጊዜ በታች ቢወርድ፣ የቪዛ ሁኔታው አደጋ ላይ ይወድቃል። ያው ተማሪ የሐኪም ደብዳቤ ይዞ መጀመሪያ የውጭ ተማሪዎች ቢሮን ቢያስፈቅድስ? በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ እስከ 12 ወር ኮርስ መቀነስ፣ ካስፈለገም ጭራሽ አለመውሰድ ይችላል። «ተናገርኩ ብዬ እባረራለሁ» ብሎ ዝም ያለው ነው የሚባረረው! ይሄ ሁሌ ያናድደኛል።

የእንግሊዙ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ገንዘብ ለአብዛኛው የውጭ ተማሪ አይሰጥም፤ እንደ ተጨማሪ ሰዓት ያለውን ማመቻቸት ግን የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ነው። ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለውን በሚቀጥለው ቪዲዮ፤ ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ደወሏንም እንዳትረሱ።