23 ኪሎ፣ ግማሹ በርበሬ፦ የውጭ ሀገር ቁም ሳጥን

ሄኖክ፦ እንደምን ሰነበታችሁ! ዛሬ የምናወራው ስለ ወንድ ልብስ ነው። ውጭ ሀገር የሚኖር ወንድ በትንሽ ልብስ ሥራውንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ሰርጉንም፣ ብርዱንም እንዴት ይወጣዋል? እኔ እንደተለመደው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ካለችው ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ብሩክ ደግሞ ከሚኒያፖሊስ።

ብሩክ፦ ሰላም ሰላም። ጥያቄው የመጣው ከአንድ አድማጫችን ነው። ልጁ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለማስተርስ ወደ እኔ ከተማ ይመጣል። «ምን ልያዝ፣ ምን ልተው?» ነው የሚለው። እኔ ከካፖርት እንጀምር እላለሁ።

ሄኖክ፦ ቆይ፣ ከካፖርቱ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሻንጣው የማን ነው?

ብሩክ፦ የልጁ ነዋ!

ሄኖክ፦ አይደለም። የእናቱ ነው። (ሳቅ) እውነቴን ነው። ታናሽ ወንድሜ ሲመጣ እኔ ከዚህ በቪዲዮ ሆኜ ሻንጣ እያስያዝኩ ነበር። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። 46 ኪሎ ብዙ ይመስላል አይደል? እናቴ በርበሬውን አመጣች። ሽሮው መጣ። በሶ መጣ። ድርቆሽ መጣ። ጥቁር አዝሙዱ፣ ኮረሪማው። ጎረቤት ደግሞ «ለልጄ አድርስልኝ» ብላ አንድ ፌስታል ይዛ መጣች።

ብሩክ፦ ያቺ ጎረቤት የሌለችበት ሰፈር የለም!

ሄኖክ፦ የለም! ቋንጣውን እኔ ነኝ ያስወጣሁት፤ ሥጋ በአሜሪካ ጉምሩክ አያልፍም። ከዚያ ሻንጣውን በእጅ ሚዛን አንጠልጥለው ሲያዩት 27 ኪሎ። እናቴ ወዲያው እጇን ሰደደችና ምን ብታወጣ ጥሩ ነው? የሱፉን ኮት!

ብሩክ፦ እንዴ! ሙሉ ሱፉን?

ሄኖክ፦ ኮቱን ብቻ። ሱሪውን ተወችው። «ኮት እዚያ ሞልቷል፣ እንዲህ ያለ በርበሬ ግን የለም» አለች። እኔ በስልክ እጮኻለሁ፣ እሷ አትሰማም። በመጨረሻ እንዴት ታረቅን መሰለህ? ወንድሜ ኮቱን ለብሶት ይብረር ተባለ። ኮቱንም፣ ከባዱን የቆዳ ጫማም፣ ጂንሱንም ለብሶ ገባ። የለበስከውን ማንም አይመዝንብህም። ለልጁ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄ ነው። ከባድ ከባዱን ለብሰህ ና።

ብሩክ፦ አውሮፕላን ውስጥም ቢሆን ይበርዳል። ጥሩ ነው።

ሄኖክ፦ ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወንድሜ እዚህ ሲደርስ ከልብስ የተረፈለት ምን ነበር? ኮቱና ሱሪው፣ አንድ ግራጫ ሱሪ፣ ጂንሱ፣ አራት ሸሚዝ፣ ሁለት ሹራብ፣ ካኔቴራና የውስጥ ልብስ። በቃ። እኔ አዝኜለት ገበያ ልወስደው ነበር። ልጁ ግን መስከረምን፣ ጥቅምትን፣ ኅዳርን ዘንጦ ጨረሰው! ለምን መሰለህ? ሁሉም ከሁሉም ጋር ይሄዳል። ሸሚዞቹ ሁለቱ ነጭ፣ ሁለቱ ውሃ ሰማያዊ። ሹራቦቹ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ። ከየትኛውም ሱሪ ጋር ብትለብሳቸው አይጣሉም።

ብሩክ፦ በርበሬው ነዋ የመረጠለት! (ሳቅ)

ሄኖክ፦ በርበሬው መረጠለት! ቀልድ አይደለም። ቦታ ሲጠብ ሰው የሚለብሰውን ብቻ ይይዛል። ቦታ ሲሰፋ «ምናልባት እለብሰዋለሁ» የምትለውን ትይዛለህ። ያቺ ቀይ ሸሚዝ፣ ያ ባለ መስመር ሱሪ። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚሄድላቸው፣ እሱንም ቤት ረስተኸዋል። ሦስት ሱሪና ስድስት የላይ ልብስ ቢኖርህ፣ ሁሉም ከተስማሙ፣ 18 ዓይነት አለባበስ አለህ። ካልተስማሙ ሻንጣ ሙሉ ይዘህም የምትለብሰው ታጣለህ።

ብሩክ፦ እሺ። ግን ሙሉ ሱፉን ከአዲስ አበባ መያዝ ለምን አስፈለገ? ተማሪ ነው። እዚህ ሰልባጅ ቤት ሄዶ፣ እነ ጉድዊል አሉ፣ በትንሽ ዶላር ደህና ሱፍ ያገኛል።

ሄኖክ፦ አይሆንም። በዚህ አልስማማም። ሰልባጅ እወዳለሁ፣ ሹራብም ካፖርትም ከዚያ ይገዛ። ሱፍ ግን በልኩ ይሰፋ። አዲስ አበባ ልብስ ሰፊ ጋ ቆመህ ትለካለህ። ትከሻህን፣ ደረትህን፣ የእጅህን ርዝመት። ተመልሰህ ሄደህ ደግሞ ትሞክረዋለህ። ከገበያ የገዛኸው ኮት ትከሻው ከሰፋህ አለቀ። ሱሪ ማሳጠር ቀላል ነው፣ ወገብ ማጥበብም ይቻላል። ትከሻ ግን ኮቱን ፈትቶ እንደገና መስፋት ማለት ነው። እዚህ እሱን የሚሠራልህ ሰው ከኮቱ ዋጋ በላይ ይጠይቅሃል።

ብሩክ፦ እሱስ ልክ ነህ።

ሄኖክ፦ ደግሞ አንድ ምስጢር ልንገርህ። ልብስ ሰፊውን «ከውስጥ ትርፍ ጨርቅ ተውልኝ» በለው። የሱሪውን ወገብ ከኋላ ገልብጠህ እየው። ስፌቱ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጣት የሚሆን ጨርቅ ታጥፎ ካለ፣ ያ ሱሪ ሲጠብህ ይሰፋል። ኮቱም ከጀርባው መሀል ስፌት ላይ እንደዚያው። የተዘጋጀ ልብስ ላይ ያን ያህል አይተውም፣ ጨርቅ ይቆጥባሉ። እዚህ የመጣ ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ይወፍራል። ሁሉም ይወፍራል!

ብሩክ፦ (ሳቅ) በፒዛ!

ሄኖክ፦ በፒዛ፣ በመኪና፣ በሌሊት ፈረቃ። ስለዚህ ትርፍ ጨርቅ። ቀለሙ ደግሞ ድፍን ጥቁር ሰማያዊ።

ብሩክ፦ ጥቁር አይሻልም?

ሄኖክ፦ አይሻልም።

ብሩክ፦ እኔ ጥቁር ነው የምለው። እስቲ አስበው፣ እዚህ እኮ ማኅበራዊ ኑሮ አለ። ለቅሶ አለ። ሰው ሞቶበት ጥቁር ለብሶ ተቀምጦ አንተ በሰማያዊ ትገባለህ?

ሄኖክ፦ በጣም ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ማታ ማን ይለየዋል? ጥቁር ሱፍ ደግሞ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይከብዳል። ቀን ፀሐይ ላይ አመድ ይመስላል። ሰማያዊ ግን ለሰርግ ይሆናል፣ ለቃለ መጠይቅ ይሆናል፣ ኮቱን ብቻ ከጂንስ ጋር አድርገህ እራት ትሄድበታለህ። የጥቁር ሱፍ ኮት ከጂንስ ጋር አይሄድም።

ብሩክ፦ ለቅሶውስ?

ሄኖክ፦ ለለቅሶ ጥቁር ሹራብ ወይም ጥቁር ጃኬት ይልበስ።

ብሩክ፦ ለቀብር ግን ሱፍ ነው ሄኖክ። እዚያ ላይ አልለቅህም። ከሰል የመሰለ ግራጫ ቢሆንስ? ለሁለቱም ያስኬዳል።

ሄኖክ፦ ከሰል ግራጫ... እሺ፣ እሱን እቀበላለሁ። ግን ምርጫዬ አሁንም ሰማያዊ ነው።

ብሩክ፦ የኔም ጥቁር ነው። ልጁ ይወስን። አሁን ካፖርት።

ሄኖክ፦ ጋቢስ? ጋቢን ሳናነሳ ካፖርት አይባልም።

ብሩክ፦ ጋቢ ልብስ ውስጥ ይቆጠራል እንዴ?

ሄኖክ፦ እንዴታ! አራት ድርብ ጥጥ ነው። ቤት ውስጥ እንደሱ የሚሞቅ የለም። ማታ ስታጠና ትደርበዋለህ፣ ሌሊት ከብርድ ልብሱ ላይ ትጥለዋለህ፣ ሰው ሲመጣ ሶፋው ላይ ይነጠፋል። የእናት ጋቢ ደግሞ ሌላ ነው። ወንድሜ በርበሬውን ከጨረሰ ቆየ፣ ጋቢው ግን ዛሬም አለ። ለቤተ ክርስቲያን ነጠላም ይያዝ፤ እሱ ምንም አይመዝንም።

ብሩክ፦ ጋቢውን ማድረቂያ ማሽን ውስጥ እንዳይከት ብቻ። ሀገር ቤት ፀሐይ ላይ አስጥተን ነው የኖርነው። ማድረቂያው ጥጥን ያሳጥራል። ሹራብ ደግሞ የበግ ፀጉር ከሆነ የስምንት ዓመት ልጅ ልብስ አድርጎ ነው የሚመልስልህ። ሹራብ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ፣ ፎጣ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚደርቀው።

ሄኖክ፦ ይሄን ከባሕር ዳርም ከአዳማም ለሚመጣው ሁሉ ንገርልኝ።

ብሩክ፦ አሁን የኔ ተራ ነው። አዳምጠኝ። የአዲስ አበባ ሰው ብርድ አውቃለሁ ይላል። የክረምቱን ብርድ ነው የሚያውቀው። ሚኒያፖሊስ በጃንዋሪ ሌሊት ከዜሮ በታች 13 ዲግሪ የተለመደ ነው። ሲብስ ከ25 በታች ይወርዳል። መሀል ከተማው ላይ ከሕንፃ ሕንፃ የሚያገናኙ የተሸፈኑ ድልድዮች አሉ፣ ስካይዌይ ይባላሉ። ለምን የተሠሩ ይመስልሃል? ሰው ውጭ ሳይወጣ ምሳ እንዲበላ ነው። ስለዚህ ያንተ ረጅም የሱፍ ካፖርት እዚህ አይሠራም። የዳክዬ ላባ የተሞላ፣ ኮፍያ ያለው፣ ቂጥን የሚሸፍን ጃኬት ያስፈልጋል።

ሄኖክ፦ እዚህ ዲሲ አካባቢ ግን በጃንዋሪ ሌሊት ከዜሮ ትንሽ ነው የሚወርደው። ረጅም ካፖርት ከሱፍ በላይ ትደርባለህ፣ ሙሉ ሰው ትመስላለህ። በላባ ጃኬት ሰርግ ይገባል?

ብሩክ፦ በሩ ላይ ታወልቃለህ! ሰርጉ ውስጥ ማን ካፖርት ለብሶ ይጨፍራል?

ሄኖክ፦ (ሳቅ) ላባ ደግሞ ሲረጥብ ሙቀቱ ይጠፋል። እኛ ጋ ክረምቱ ዝናብም ነው፣ በረዶም ነው፣ ጭቃም ነው።

ብሩክ፦ እኛ ጋ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ላባው ይሠራል። እየው፣ እንደ ከተማው ነው።

ሄኖክ፦ እንደ ከተማው ነው። ግን ካፖርት ለሁሉም ከተማ...

ብሩክ፦ ሄኖክ፣ ልጁ የሚመጣው ወደ እኔ ከተማ ነው! ደግሞ ከአዲስ አበባ ተሸክሞ እንዳይመጣ። ነሐሴ መጨረሻ እዚህ ሞቃት ነው፣ በቲሸርት ነው የሚሄደው። እስከ ጥቅምት ጊዜ አለው። መስከረም ላይ ሰልባጅ ቤት ይዙር፣ ያኔ ብዙ ምርጫ አለ። ብርዱ ሲገባ ሁሉም ይሻማል።

ሄኖክ፦ በዚህ አንድ ነን። የክረምት ጃኬትና ቦት ጫማ ከሀገር ቤት አይያዝም። ኪሎ ይበላል፣ ለዚያ ብርድም አልተሠራም። ከሀገር ቤት የሚያዘው በልክ የተሰፋውና ቆዳው ነው። የኛ የደጋ በግ ቆዳ እኮ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፣ ለጓንት በዓለም ገበያ የሚፈለግ ነው። ቀበቶ፣ የቆዳ ጓንት፣ ቡናማ የቆዳ ጫማ ከዚያ ይዞ ይምጣ።

ብሩክ፦ የቆዳ ጫማውን ግን ከጨው ይጠብቀው። በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበትናሉ። ጫማህ ሲደርቅ ዳር ዳሩን ነጭ መስመር ታያለህ። ሰው ቀለም ይቀባበታል፣ መስመሩ ተመልሶ ይወጣል። ጥቂት ኮምጣጤ ውሃ ውስጥ ጨምረህ፣ ጨርቁን ጨምቀህ ጥረገው። በዚያው ማታ። ካደረ ቆዳውን ያደርቀውና ይሰነጠቃል።

ሄኖክ፦ አየህ፣ ሊስትሮ የለማ! ቅቤ የመሰለውን የቆዳ ቅባትና ብሩሽ አንድ ላይ ይያዝ።

ብሩክ፦ ሌላው ከባድ ነገር የቤት ውስጥ ሙቀት ነው። ውጭ ከዜሮ በታች 20፣ ክፍል ውስጥ 22። ወፍራም ሹራብ አንድ ብቻ ለብሰህ ብትገባ ያልብሃል፣ ስትወጣ ላቡ ይቀዘቅዝብሃል። ስለዚህ ይደረብ። ከውስጥ ቀጭን፣ መሀል ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ። ቀጭኑ ጥጥ ባይሆን ይመረጣል፤ ጥጥ ላብ ይዞ ይቀመጣል። ሜሪኖ የሚባለው የበግ ፀጉር ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን ደጋግመህ ብትለብሰውም ቶሎ አይሸትም። ሁለት ካለው ክረምቱን ይዘልቃል።

ሄኖክ፦ እኔ እንኳን ለዲሲ ሁለት አያስፈልግም እላለሁ፣ አንድ ይበቃል። እሺ፣ ልጁን እንመልስለት። ሦስት ሱሪ፣ አንዱ የሱፉ። አራት ሸሚዝ። ሁለት ሹራብ። ካኔቴራና ካልሲ የሳምንት። ቡናማ ጫማ፣ ነጭ ስኒከር። ጋቢ፣ ነጠላ።

ብሩክ፦ ቁምጣስ? ቱታስ?

ሄኖክ፦ እዚያው ይግዛ። ሲነሳ ልኩን ግን ጽፎ ይያዝ። እዚህ ሸሚዝ በአንገትና በእጅጌ ኢንች ነው የሚሸጠው፣ ሱሪ በወገብና በርዝመት። ልብስ ሰፊው ሜትሩን በእጁ ይዞ እያለ ሁሉንም ያስጽፈው። ጫማ 42 ከሆነ እዚህ 9 አካባቢ ነው፣ ግን ሳይሞክር አይግዛ።

ብሩክ፦ ቦቱን ደግሞ ወፍራም ካልሲ አድርጎ ይሞክረው። ከጠበበው ግማሽ ቁጥር ከፍ ይበል። እግር ሲጨነቅ ቶሎ ይበርደዋል። ውሃ የማያስገባ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ጃኬት ላይ ይቆጥብ፣ ቦት ላይ አይቆጥብ።

ሄኖክ፦ ካፖርት ላይስ?

ብሩክ፦ ካፖርት አያስፈልገውም አልኩህ!

ሄኖክ፦ ሲመረቅ ያስፈልገዋል። ዲሲ ሥራ ካገኘ ደግሞ ከእኔ ጋር ሄዶ ይገዛል። የሱፉን ቀለም ከወሰንክ በኋላ ጻፍልን ወንድማችን፣ ጥቁር ይሁን ሰማያዊ። ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኛለን።

ብሩክ፦ ጥቁር ነው የሚሆነው። ቸር ሰንብቱ።