ቀዩን መድኃኒት ቅባት ማልበስ

[ምስል፦ ሐረር፣ ፈረስ መጋላ። ጠዋት።]

እንደምን አላችሁ? እስከዚህ በባጃጅ ይመጣል። ወደ አክስቴ ቤት የሚወስደው ቅያስ ግን ጠባብ ነው፤ ባጃጅ አያሳልፍም። የቀረው በእግር ነው፣ ዳገቱም ያለው እዚያ ነው። የመንገዱን ጥበት ያዙልኝ።

[ምስል፦ ከመስቀያ የተንጠለጠለ ቀይ ፈሳሽ።]

አክስቴ የጡት ካንሰር ታካሚ ነበረች። የምትወስደው ኬሞ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። እንደ ከርከዴ ቀይ ነው። ጠብ ጠብ እያለ ክንዷ ውስጥ ሲገባ አጠገቧ እቀመጥ ነበር። ሽንቷም ቀላ ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን ሻሿን ስትፈታ ፀጉሯ አብሮ መጣ። ምንም ሳትናገር ከነሻሹ አጣጥፋ ትራሷ ስር አስቀመጠችው።

መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ሴልን ነው የሚመታው። የፀጉር ሥርም እንደ ካንሰሩ ቶሎ ይባዛል። ፀጉር ግን ይመለሳል። የሚያስፈራው ልብ ነው። ዶክሶሩቢሲን እየተደጋገመ ሲሰጥ የልብ ጡንቻን ይጎዳል። ለዚህም ነው አንድ ሰው በሕይወት ዘመኑ የሚወስደው መጠን ጣሪያ የተበጀለት።

[ምስል፦ የእንቁላል አስኳል፣ በጣም ቀርቦ።]

አስኳል ውስጥ ሌሲቲን የሚባል ቅባት አለ። አንዷ ሞለኪውል ጭንቅላቷ ውኃ ይወዳል፣ ጭራዋ ውኃ ይሸሻል። ውኃ ውስጥ ሲገቡ ጭራዎቹ እርስ በርስ ይሸሸጋሉ፤ ማንም ሳይገጣጥማቸው ክብ ከረጢት ይሆናሉ። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል! እንግሊዛዊው አሌክ ባንግሃም በ1960ዎቹ ያጠናው ይህንኑ ነው። ሊፖዞም ይባላል።

ዶክሶሩቢሲን በሊፖዞም ታጭቆ ዶክሲል በሚል ስም በ1995 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአንዷ ቅንጣት ስፋት ወደ 100 ናኖሜትር ይጠጋል። ቀይ የደም ሴል ከ70 እጥፍ በላይ ይሰፋታል።

[ምስል፦ ቅያሱ፣ ከዚያ የደም ስር ሥዕል።]

ወደ ጥበቱ እንመለስ። የልብ ደም ስር ግድግዳ ጥብቅ ነው፤ ይህችን ቅንጣት በቀላሉ አያሳልፍም። ካንሰር ግን ደም ስሩን በጥድፊያ ስለሚሠራ ግድግዳው ሽንቁር ይበዛዋል። ቅንጣቷ በዚያ ትሾልካለች። ላይዋን ደግሞ ፒኢጂ የሚባል ሽፋን ስለለበሰች ጉበትና ጣፊያ ቶሎ አይለቅሟትም። ለቀናት በደም ውስጥ ትዞራለች።

«መድኃኒቱ ካንሰሩን አድኖ ያገኛል» ሲባል ትሰማላችሁ። እኔ አልስማማም። ዶክሲል መንገድ አያውቅም፤ የተከፈተ ካገኘ ይገባል፣ በቃ። በ2016 ተመራማሪዎች በ10 ዓመት ውስጥ የወጡ የእንስሳት ጥናቶችን ሰብስበው ነበር። እንደ ዶክሲል ያሉ ደቃቅ (ናኖ) ቅንጣቶች ከተሰጡት ውስጥ እጢው ጋ የደረሰው መካከለኛው መጠን 0.7 በመቶ ነው። ትንሽ ነው። ዶክሲልን ያስወደደኝ ልብን በብዙ ማትረፉ ነው። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ የመዳፍና የውስጥ እግር ቆዳ ይቀላል፣ ይላጣል።

[ምስል፦ የአክስቴ በር።]

እሷ የወሰደችው ሊፖዞም ያልለበሰውን፣ ተራውን ዶክሶሩቢሲን ነው። ቤታችሁ ዶክሶሩቢሲን ሊጀምር ያለ ሰው ካለ፣ ልቡ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ) ታይቶ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ውሎ ሳያድር ተናገሩ። አክስቴ በአምስተኛው ዙር ይህን ዳገት ሁለት ጊዜ ቁጭ ሳትል መጨረስ አቃታት። እኛ ደክሟት ነው ብለን ዝም አልን።