የዝናቡን ዕዳ ለገበሬው ብቻ አንተው

የተከበራችሁ የዘርና የማዳበሪያ አቅራቢዎች፣ የእህል ገዢዎችና የማቀነባበሪያ ባለቤቶች፤

በተገናኘን ቁጥር ስለ አየር ንብረት ለውጥ የአቋም መግለጫ እናወጣለን። ዛሬ የቆምኩት ግን ከገበሬው ጋር ስለምንፈራረመው የግዢ ውል ለመናገር ነው።

አንዲት እናት ዘርና ማዳበሪያ በብድር ወስደው በቆሎ ለማቅረብ ፈረሙ። ዝናቡ ዘገየ፤ ከዘሩም በኋላ ተቋርጦ ቡቃያው ደረቀ። ፈጥኖ የሚደርስ ዝርያ ቢጠይቁ አቅራቢው ዘንድ ስላልነበረ፣ ያንኑ ዘግይቶ የሚደርሰውን ዳግመኛ ተበድረው ዘሩ። አዝመራው ሊሰበሰብ ሲል ያለወቅቱ ዝናብ ወረደበት። በቀጠሮው ቀን መጋዘን በር ላይ የእርጥበት መለኪያው በውሉ ከተፈቀደው 13 በመቶ በላይ አሳየና እህሉ ተመለሰ። አድርቀው ሲመጡ ደግሞ የማስረከቢያው ጊዜ አልፏል ተባሉ፤ የሁለቱ ዘር ዕዳ ግን እንዳለ ቀረ። እርጥብ እህል ቢከማች ሻጋታና አፍላቶክሲን የተባለ የሻጋታ መርዝ ስለሚያመጣ መመለሱን አልቃወምም። የምቃወመው፣ ማድረቂያ የመግዛት አቅም ያለው ወገን መለኪያ ብቻ ይዞ በር ላይ መቆሙን ነው!

ዝናቡን ያዘገዩት እኒህ እናት ናቸው? አየር በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን ይሸከማል፤ ስለዚህ ዝናብ ሲጥል በአንድ ጊዜ መውረዱ እየበዛ ነው። ይህን እያወቅን የማስረከቢያውን ቀን ከዓመት ዓመት ሳንነካ መፈራረም፣ ኪሳራውን አስቀድሞ ለገበሬው ማከፋፈል ነው!

የራሳችንን ድርሻም እንመልከት። ሰብሉ ሳይጠቀምበት የቀረ የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከፊሉ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ ይህ ጋዝ በ100 ዓመት ውስጥ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 270 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ማዳበሪያ በአፈር ምርመራ ልክ እንሽጥ። የሩዝ ገዢዎችም ማሳውን እያፈራረቁ በማጠጣትና በማድረቅ፣ ውሃ ከተኛበት ማሳ የሚወጣውንና ምድርን የሚያሞቀውን ሚቴን ጋዝ ለሚቀንሱ አምራቾች የተሻለ ዋጋ ይክፈሉ።

የማቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የማስረከቢያ ቀን ከዝናቡ አጀማመር ጋር ይያያዝ፤ ማድረቂያ በገዢው ወጪ በየመረከቢያው ይተከል፤ ቡቃያ በድርቅ ሲጠፋ የግብዓት ብድሩን የሚሸፍን መድን ይገባ፣ ዓረቦኑንም እኛና ገበሬው እኩል እንክፈል። ጉባኤው ከመበተኑ በፊት እያንዳንዳችን በስማችን ድምፅ እንድንሰጥበት እጠይቃለሁ።