ክንደ ረጅሙ ጄት የት ይደር?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከጎንደር ነኝ። እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ።

ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዞኝ ከርሟል። ሁለት የማይዋደዱ ጎረቤት አገሮች አሉ እንበል። አንዱ ሩቅ የሚበር ተዋጊ ጄት ገዛ። የት ያቁመው? ቡና ላይ ሳነሳው ሁሉም ያለኝ አንድ ነው፦ "ድንበር ላይ ነዋ!" እኔ ግን አልተዋጠልኝም።

ህንድን እንይ። ሱኮይ 30 ኤምኬአይ የሚባለው ተዋጊ ጄቷ በአንድ የነዳጅ ሙሌት 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። እ.ኤ.አ. በ2002 አገልግሎት ሲጀምር የገባው ምዕራብ ህንድ ያለችው ፑኔ ነው። ከፑኔ እስከ ባላንጣዋ የፓኪስታን ከተማ ካራቺ በአየር 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሄዶ፣ ሥራውን ሠርቶ ይመለሳል። እሱን ፍለጋ የሚመጣው ግን ያን ሁሉ መንገድ ራዳር ላይ እየታየ ነው የሚመጣው። ሩቅ የሚበር ጄት ዋናው ጥቅሙ ይሄ ይመስለኛል፤ አንተ ትደርስበታለህ፣ እሱ በቀላሉ አይደርስብህም። ታዲያ ወስደህ ድንበር ላይ ስታቆመው ያን ብልጫ በነጻ ሰጠኸው ማለት ነው።

ህንድ ከፈረንሳይ የገዛችው ተዋጊ ጄት ራፋል በ2020 ሲመጣ ደግሞ መጀመሪያ ያረፈው ሰሜን ህንድ ውስጥ አምባላ ነው። ከፓኪስታን ድንበር ከ200 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ሩብ ሰዓት ብትሆን ነው። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሳይረኑ ይጮሃል፣ አብራሪው የራስ ቁሩን አጥልቆ ይሮጣል፣ ሞተር ይነሳል፣ ወደ መንደርደሪያው ይወጣል። ሚሳይል ከሆነ የሚመጣው ያቺም ጊዜ የለችም። ምክንያት ይኖራቸዋል፣ ግን ትንሽ ለታይታም አይጠፋውም ባይ ነኝ።

እኛ ጎንደሮች ይሄን በወሬ ብቻ አይደለም የምናውቀው። ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ማታ፣ ዕለቱ አርብ ነው፣ ወደ አዘዞ ኤርፖርት ሮኬት ተተኮሰ። የቤታችን መስኮት ተንቀጠቀጠ፣ ወዲያው ሰው ሁሉ ስልኩን አነሳ። "ምንድነው? የት ነው?" መንደርደሪያ ካርታ ላይ ያለ ነገር ነው። ጄት ይሸሻል፣ አስፋልት የት ይሸሻል?

እ.ኤ.አ. በ1965ም ፓኪስታኖች ድንበር አጠገብ ያለውን የህንድ አየር ምድብ ፓታንኮትን ሲደበድቡ መሬት ላይ የቆሙ የህንድ አውሮፕላኖች ነደዱ። በእርግጥ ርቀት ብቻውን አያድንም። በ1967 እስራኤል የግብፅን አየር ኃይል መሬት ላይ ስትመታ፣ ከሲና እጅግ የራቀው ሉክሶር እንኳ አልቀረለትም። ከዚያ በኋላ ነው ብዙ አገር በየአየር ምድቡ ለጄቶቹ የኮንክሪት መጠለያ መሥራት የጀመረው።

አሁን ክርክሬን የሚያፈርስብኝ ቦታ ላይ ደረስኩ፤ ቴዝፑር። ህንድ በ2009 ሱኮይ 30ን እዚያ አስገባች፣ አሳም ውስጥ፣ ለቻይና ድንበር ቅርብ። ለምን? ነገሩ ከፍታ ነው። ቴዝፑር ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከማዶ ቲቤት ውስጥ ያለው የላሳ ኤርፖርት ከ3,500 ሜትር በላይ ነው፣ ንጋሪ ደግሞ ከ4,200 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ክንፍ የሚደገፍበት ያጣል፣ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። አዘዞ እንኳ ወደ 2,000 ሜትር ላይ ነው፣ በበጋ ፀሐይ አውሮፕላን ሲነሳ መንደርደሪያውን ረዘም አድርጎ ነው የሚበላው። ቲቤት ላይ የሚነሳው ቻይናዊ አብራሪ ስለዚህ ወይ ነዳጁን ወይ ቦምቡን መቀነስ አለበት። ህንዳዊው ከሜዳ ላይ ሙሉ ጭኖ ይነሳል። እዚህ መቅረብ ያዋጣል፣ አልክድም።

በፓኪስታን በኩል ግን ሐሳቤን አልለውጥም። አጭር የሚበሩት ከፊት፣ ሩቅ የሚበሩት ከኋላ። በ2020 ሱኮዮቹን ከብራሞስ ሚሳይል ጋር እስከ ታንጃቩር፣ ደቡብ ጫፍ ድረስ ሲወስዷቸው ደስ ያለኝ ለዚህ ነው። ከዚያ ሆነው የህንድ ውቅያኖስን ይጠብቃሉ፣ የማንም ሮኬት በቀላሉ አያገኛቸውም።

አንድ ጣጣ አለው። ከኋላ ያለ ጄት ብዙ መቆየት ከፈለገ አየር ላይ ነዳጅ የሚሞላው ይፈልጋል። ህንድ ለዚህ የገዛቻቸው ኢሉሺን 78 አውሮፕላኖች 6 ብቻ ናቸው። ግዙፍ ናቸው፣ ቀርፋፋ ናቸው፣ መሸሸግ አይችሉም። እነሱስ የት ይደሩ? አግራ ነው ያስቀመጧቸው። የእሱን ጉዳይ ሌላ ቀን ለብቻው እናወራዋለን። ቸር ያሰማን።